ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሬ ሌሊት ለማን ነው ዳታ የሚልከው?

የሐይቅ_ዳር_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ናችሁ። ሀዋሳ ነኝ፣ አቶቴ አካባቢ፣ እስቲ ኮምፒውተር የገባው ሰው ይርዳኝ። ቤት ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ አለችን፣ ዊንዶውስ 10 ነች፣ ሳሎን ነው ያለችው፣ እኔም እህቴም የእህቴም ልጅ እንጠቀምባታለን። ኢንተርኔቱ ደሞ ሲም የሚገባባት ራውተር ናት፣ ፓኬጁም በጊጋ ተቆጥሮ የሚገዛው እንጂ አንሊሚትድ አይደለም። እና ሰሞኑን ምን እንደሚበላው አናቅም፣ ወር ሳይሞላ ድርቅ ይላል። መጀመሪያ የእህቴን ልጅ ነበር የጠረጠርነው፣ ውሎው ዩቱብ ላይ ስለሆነ፣ ግን እሱ ለእረፍት ይርጋለም አያቱ ጋ ሄዶም እያለ አለቀ።

ትላንት ማታ ስላናደደኝ የሁሉንም ስልክ ከዋይፋይ አስወጣሁ፣ ብሮውዘሩን ዘጋሁ፣ ቴሌግራሙን ዘጋሁ፣ ኮምፒውተሯን ብቻ እንደበራች ትቼ ተኛሁ (አናጠፋትም፣ ሃርድ ዲስኳ አሮጌ ስለሆነ አንዴ ከጠፋች እስክትነሳ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል)። ከመተኛቴ በፊት ዋይፋዩን ዲሴብል አድርጌ መልሼ ስለከፈትኩት ቆጠራው ከዜሮ ነው የጀመረው። ጠዋት ያቺን ሴንድ እና ሪሲቭ የምትል ትንሽ መስኮት ከፍቼ ሳያት ሪሲቭ 200 ሜጋ አካባቢ፣ ሴንድ ግን 1 ጊጋ አልፏል!! ልብ በሉ፣ ከተቀበለው የላከው ይበልጣል። እኛ ቤት ደሞ ለማንም ምንም የሚልክ ሰው የለም።

ለማን ነው የሚልከው? ቫይረስ ነው? ፎቶዎቻችንን ነው የሚወስደው? እህቴ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሁፏን እዛ ላይ ነው የምትሰራው፣ ይሄን ስነግራት ፍላሿን ይዛ ተቀመጠች፣ ኮምፒውተሩን እንዳትነኩ ብላለች። የራውተሯ መብራት ደሞ ሌሊቱን ሙሉ ስትብለጨለጭ ነው የምታድረው። ጓደኛዬ ፎርማት አድርገው አለኝ፣ ላድርገው?

ነቃይ_ነኝ፦

ሶኬቱን ነቅለህ ተኛ ወንድሜ። እኛ ሰፈር መብራቱ በራሱ ጊዜ ይነቅልልናል ችግሩም አብሮ ይፈታል 😂

ሰጥቶ_መቀበል፦

አትልፋ። ኮምፒውተሩ ምንም አይልክም፣ ፓኬጅ የሚሸጡት ናቸው ቁጥር እየጨመሩ የሚበሉን። እኔ ይሄን ካወቅኩ ቆየሁ። ስልክህን አጥፍተህ ብታድርም ይቀንሳል።

ኬብል_ጎታች፦

ሰጥቶ መቀበል፣ እሱን ክርክር ሌላ ቦታ እናደርገዋለን፣ ልጁ እኮ ያነበበው ቁጥር የሻጩን ሳይሆን የራሱን ኮምፒውተር ቆጣሪ ነው። የገዛ ዊንዶውሱ 1 ጊጋ ልኬያለሁ ካለው ልኳል ማለት ነው።

የሐይቅ ዳሩ፣ ፎርማት እንዳታደርግ። ፎርማት ካደረክ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለህ፣ ከዛ ያንኑ ፕሮግራም መልሰህ ትጭነዋለህ። እኔ እዚሁ ሀዋሳ ለቢሮና ለካፌ ኔትወርክ እየዘረጋሁ ነው የምኖረው፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየጮኸ በሚገናኝበት ዘመን ነው የጀመርኩት፣ ይሄን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ።

መብራቷን እርሳት። ያቺ መብራት 60 ባይት ሲያልፍም 1 ጊጋ ሲያልፍም ትብለጨለጫለች፣ ስለ መጠን ምንም አትነግርህም። ሌሊት የምታያት ብልጭታ አብዛኛው ደሞ ከቤትህ እንኳን አይወጣም። ኮምፒውተሩ ራውተሩን እዛው ነህ ወይ እያለ ይጠይቃል፣ የተሰጠው አይፒ አድራሻ (ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ጊዜው ግማሽ ላይ ሲደርስ ያሳድሳል፣ ፕሪንተር አለ ወይ፣ ቲቪ አለ ወይ እያለ በፖርት 1900 እና በፖርት 5353 (ፖርት ማለት ለየአገልግሎቱ የተሰጠ የበር ቁጥር በለው) ለቤቱ ሁሉ ይጣራል። ማንም አይመልስለትም፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጣራል። ይሄ ሁሉ ራውተሩ ጋ ደርሶ እዛው ይቀራል፣ ከፓኬጅህ ሰባራ ሳንቲም አይነካም።

ወደ ውጪ የሚወጣም ጥቃቅን ነገር አለ። ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖሩን የሚያረጋግጠው ከማይክሮሶፍት ሰርቨር አንዲት ትንሽ የጽሁፍ ፋይል እየጠየቀ ነው፣ ውስጧ "ማይክሮሶፍት ኮኔክት ቴስት" የሚል ብቻ ነው ያለው፣ እሷ ስትቀር ነው ኖ ኢንተርኔት የሚልህ። ሰዓቱን ለማስተካከል ደሞ አልፎ አልፎ በፖርት 123 የ48 ባይት መልእክት ይልካል። ከዛ ቴሌግራም ዓይነቶቹ አሉ፣ መስኮቱን ብትዘጋውም ከሰዓቱ ጎን ተደብቀው ከሰርቨራቸው ጋ መስመሩን ይዘው ነው የሚቆዩት። ስልክ እያወራህ ወዲያኛው ዝም ሲልብህ "ሃሎ፣ አለህ?" እንደምትለው በየጊዜው ትንሽ ነገር ይለዋወጣሉ። ለምን መሰለህ፣ ራውተርህም ከሱ በላይ ያለው ኔትወርክም ማን ከማን ጋ እያወራ እንደሆነ የሚይዙበት ሰንጠረዥ አላቸው፣ ዝም ያለውን ይሰርዙታል፣ ከተሰረዘ ደሞ መልእክት ሲመጣልህ መንገዱ ጠፍቶ ይቀራል። ግን በየደቂቃው 200 ባይት ቢለዋወጥ እንኳ በ8 ሰዓት ውስጥ 100 ኪሎባይት አይሞላም። አንድ ፎቶ አያክልም ማለት ነው።

ሌላ ሰው የማያስበው ነገር፣ ስትቀበልም ትልካለህ። አንድ ነገር ስታወርድ ኮምፒውተርህ "ደረሰኝ፣ ደረሰኝ" እያለ መመለስ አለበት፣ አለዚያ ላኪው ያቆማል። እሷ ደረሰኝ 40 ባይት ናት፣ ዳታው ተቆራርጦ በእሽግ በእሽግ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት እሽግ አንዴ ትላካለች፣ አንዱ እሽግ 1460 ባይት ዳታ ይይዛል። አንተ የተቀበልከው 200 ሜጋ ነው ካልክ ለሱ የላከው ደረሰኝ ከ3 እስከ 6 ሜጋ ነው። ስለዚህ 1 ጊጋው በዚህ አይገለጽም። የሆነ ፕሮግራም የምር ፋይል እየላከ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማንም ሳይነካው ያልከው ነገር ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ብዙ ፕሮግራም የሚሰራው ማንም ሳይነካው *ስለሆነ* ነው። አንተ ወንበሩ ላይ ካለህ እንዳያንቀራፍፍብህ ይጠብቃል፣ ስትነሳ ይጀምራል። ዊንዶውስ ከኤክስፒ ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2001 ወዲህ፣ ሰው ባልተጠቀመበት የመስመር አቅም ብቻ ከጀርባ ፋይል የሚያመላልስ ሰርቪስ አለው። አውቶማቲክ ሜንተናንስ የሚባለው ደሞ ሰዓቱን ካልቀየርከው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተቀጠረ ነው። ዲስክ መፈተሽ፣ አፕዴት መፈለግ፣ አንቲቫይረስ፣ ሁሉም አንተ ስትተኛ ነው ተራቸው። የሠሩት ሰዎች አንሊሚትድ ኢንተርኔት ያለው ቤት እያሰቡ ነው የሠሩት፣ አቶቴ በጊጋ ገዝቶ የሚጠቀም ሰው አልታያቸውም።

ይሄ ግን ማውረድ ነው። መላክ ላይ የምጠረጥራቸው ሶስት ናቸው። አንዱ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ነው። ዊንዶውስ 10 ያመጣው ነገር ነው፣ አንተ ያወረድከውን አፕዴት ቆራርጦ ለሌላ ሰው ኮምፒውተር ያካፍላል። ቤት ውስጥ ላሉት ብቻ እንዲያካፍል ከሆነ የተስተካከለው ጥሩ ነገር ነው፣ እንዲያውም ፓኬጅ ይቆጥባል፣ ሁለት ላፕቶፕ ካለህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይወስዳል። ኢንተርኔት ላይ ላሉትም የሚለው ከተመረጠ ግን በአንተ ጊጋ ለማታውቀው ሰው አፕዴት ታድላለህ፣ ካልነካካኸው ጣሪያው በወር 20 ጊጋ ነው። ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት፣ ከዛ አድቫንስድ፣ ከዛ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን፣ ከዛ አክቲቪቲ ሞኒተር ብትል ስንት እንደላከ በቁጥር ያሳይሃል፣ መገመት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ክላውድ ነው፣ ፋይልህን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልህ ማለት ነው። ዋንድራይቭ ዴስክቶፕህንና ዶክመንትህን ባክአፕ ላድርግ ብሎ ጠይቆህ አንዱ የቤት ሰው ዬስ ብሎት ሊሆን ይችላል፣ ነፃው 5 ጊጋ ስለሆነ እስኪሞላ ይልካል። (ለእህትህ ግን ንገራት፣ የመመረቂያ ጽሁፍ ክላውድ ላይ ቢኖር ክፋት የለውም፣ ፍላሽም ይሞታል።) ሶስተኛው ቶረንት ነው፣ ሰዎች ፊልም ምናምን ከየኮምፒውተራቸው እርስ በርስ የሚለዋወጡበት ፕሮግራም። እሱ ካለ ሌላውን መፈለግ አያስፈልግህም።

አሁን የምታደርገው፣ ሰርች ላይ ሪሶርስ ሞኒተር ብለህ ክፈት፣ ኔትወርክ የሚለውን ንካ፣ ሴንድ የሚለውን ርእስ ሁለቴ ጫን አድርገህ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርደር። አንደኛ ላይ የሚመጣውን ስም እዚህ ጻፍልን። 1 ጊጋ በ8 ሰዓት ማለት በሰከንድ 35 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ብዙ እንዳትጠብቅ። ቀን ላይ አይተኸው ምንም ከሌለ ደሞ እንደከፈትከው ተወውና ሩቅ ሆነህ ጠብቅ፣ ማውሱን ስትነካ የሚያቆም አለ።

የአዳማ_ፀሐይ፦

ጋሽ ኬብል ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም እዚህ አዳማ እኛ ቢሮ የገጠመን ሌላ ነበር። የሐይቅ ዳር ልጅ፣ በ2015 ሶሻል ሚዲያ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ነፃ ቪፒኤን (በሌላ ቦታ ሰርቨር በኩል አዙሮ የተዘጋውን የሚከፍተው) ጭናችሁ ነበር? ያኔ ሰው ሁሉ ያገኘውን ነበር የሚጭነው፣ ሲከፈት ደሞ ማንም አላጠፋውም።

ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሰርቨር ገንዘብ ይፈልጋል፣ አንተ ካልከፈልክ አንድ ቦታ ይከፈላል። አንዳንዶቹ የሚከፍሉት ባንተ መስመር ነው፣ ኮምፒውተርህን መውጫ በር ያደርጉታል፣ ሌላ አገር ያለ ሰው ባንተ አይፒ ይወጣል፣ ያ ሰው የሚያደርገው ነገር ሁሉ ሀዋሳ ካለ ቤት የተደረገ ነው የሚመስለው። በፈረንጆቹ 2015 (የኛ 2007 መሆኑ ነው) ሆላ የሚባለው ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ሉሚናቲ በሚባል አገልግሎት በኩል እንደሚሸጥ ወጥቶ ብዙ ተወርቶበታል። በግንቦት 2016፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2024 ማለት ነው፣ የአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የሚባል መረብ አፍርሻለሁ አለ፣ ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒ አድራሻ ነበረበት፣ የገባውም እንደ ማስክቪፒኤንና ዲውቪፒኤን ባሉ ነፃ ቪፒኤኖች ተደብቆ ነው። እነዛ ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሌሊት ለምን እንደሚልክ አያውቁም ነበር።

የሚገርመው ነገር ሰው ያልሠራበትን ኮምፒውተር መጠቀም በራሱ መጥፎ ሀሳብ አልነበረም፣ ከፈረንጆቹ 1999 እስከ 2020 ሴቲ አት ሆም የሚባል የበርክሌይ ፕሮጀክት ነበር፣ ሰዎች ፈቅደው ይጭኑታል፣ ኮምፒውተራቸው ስራ ሲፈታ ከህዋ የመጣ የሬድዮ ሞገድ ይመረምርላቸዋል፣ ውጤቱን ይልካል። ልዩነቱ ፈቃዱ ላይ ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር ያንተ ቁጥር ከዚህ ጋ አይገጥምም። መውጫ በር የሆነ ኮምፒውተር የሚቀበለውና የሚልከው ተቀራራቢ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ከዌብሳይቱ የመጣውን ነው ለዛኛው የሚያስተላልፈው፣ 1 ጊጋ ለመላክ 1 ጊጋ መግባት አለበት። አንተ ጋ የገባው 200 ሜጋ የወጣው 1 ጊጋ ነው። ስለዚህ የሚላከው ነገር ድሮም ዲስኩ ላይ ያለ ፋይል ነው። እኛ ቢሮ ሁለቱ እኩል ነበሩ፣ በሱ ነው ያወቅነው።

ኮይን የሚያመርት ቫይረስ ነው የሚሉህ ካሉም አትስማ፣ እሱ ፕሮሰሰር ነው የሚበላው፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር፣ ዳታው ትንሽ ነው።

ሰጥቶ_መቀበል፦

እሺ እሱ ይሁን። ግን ጎረቤት ፓስወርዱን አግኝቶትስ ቢሆን? እኛ ግቢ ተከራዩ ሁሉ ያውቀዋል።

ኬብል_ጎታች፦

እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ፓኬጁ ለምን ያልቃል ለሚለው ጎረቤት አንደኛ ተጠርጣሪ ነው። ግን ጎረቤት የሚጠቀመው ራውተሩ ላይ ይቆጠራል እንጂ የሱ ኮምፒውተር ቆጣሪ ላይ አይመጣም። ራውተሩ ገጽ ውስጥ መግባትና የተገናኙትን ማየት ነው፣ ሲም የሚገባባቸው ብዙዎቹ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ናቸው፣ ከጀርባው ተለጥፎበታል። እዛው የራውተሩን የራሱን የመግቢያ ፓስወርድም ቀይሩ፣ የዋይፋዩን አይደለም ያልኩት፣ የራውተሩን። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የሚባለው ቫይረስ ካሜራና ራውተር ሲሰበስብ የሞከረው ከፋብሪካ ሲወጡ የነበረውን አድሚን አድሚን ዓይነት ፓስወርድ ብቻ ነው፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 የዌብሳይት ስም ሲጻፍ አድራሻውን የሚጠቁመውን ዳይን የሚባል ኩባንያ መትቶ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ሳይቀር ለብዙ ሰው አስቸግሯል። የቤት ዕቃ ነበር እኮ የመታው። ሰው ኮምፒውተሩን ስካን ያደርጋል፣ ራውተሩን ዞር ብሎ አያየውም።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ፦

ጋሽ ኬብል እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ነው ያስከፈተችኝ።

ሪሶርስ ሞኒተሩን ከፈትኩት፣ መጀመሪያ ላይ ኤስቪሲሆስት፣ ኤስቪሲሆስት፣ ሲስተም ይላል፣ ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ከዛ ሴንድ የሚለውን ጫን ሳደርገው አንድ የቶረንት ፕሮግራም ቁጭ ብሏል! በሰከንድ 30 ሺህ ምናምን ባይት፣ አንዳንዴ 40 ሺህ። ከታች ደሞ አድራሻ የሚለው ላይ የአይፒ መአት፣ እያንዳንዱ በተለያየ ፖርት፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይመጣል። የእህቴ ልጅ ነው የጫነው፣ ከጓደኛው የሰማውን ተከታታይ ድራማ ሊያወርድበት፣ ሙሉ ሲዝኑ ዲስኩ ላይ አለ። ስደውልለት "እንዴ ጨርሶ አውርዷል እኮ፣ ዘግቼዋለሁ" አለኝ። ኤክሷን ሲጫናት የተዘጋ ነው የመሰለው፣ ከሰዓቱ ጎን ያለችውን ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት ስጫናት እዛ ውስጥ ከሌሎች አይከኖች ጋ ተደርድሮ አገኘሁት። ኮምፒውተሩ ሲነሳም አብሮ እንዲነሳ ተደርጓል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ ማውረዱን ከጨረሰ ለምን ይልካል? ሁለተኛ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽኑንም አይቼዋለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች የተላከ የሚለው ላይ ጥቂት ሜጋ አለ፣ እሱንስ ላጥፋው?

የአዳማ_ፀሐይ፦

አስተዳደጉ እንደዛ ነው። ቢትቶረንትን ብራም ኮኸን በፈረንጆቹ 2001 ሲያወጣው ሀሳቡ አንድ ሰርቨር ሁሉንም ከሚሸከም ያወረዱት ሰዎች እርስ በርስ ይስጡ ነው። ፋይሉ ይቆራረጣል፣ አንተ የደረሰህን ቁራጭ ላልደረሰው ትሰጣለህ፣ ሌላ ቁራጭ ትቀበላለህ። ስትጨርስ ደሞ ሲድ ታደርጋለህ፣ ማለትም ሙሉውን ይዘህ መስጠት ብቻ ነው። ለዛ ነው ካወረድከው በላይ መላክ የጀመረው፣ የሚቀበለው ነገር አልቆበታል። ሁሉም ሰው አውርዶ ቢዘጋ ኖሮ ነገሩ አይሰራም ነበር፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም። ግን ያ ይሉኝታ በጊጋ ለሚገዛ ሰው አይሆንም ወንድሜ። ካወረዳችሁ በኋላ ከሲስተም ትሬው (ከሰዓቱ ጎን አይከኖቹ ካሉበት) ኤግዚት በሉት፣ ከታስክ ማናጀር ስታርትአፕ ውስጥ ዲሴብል አድርጉት፣ የመላኪያ ፍጥነት ገደብ የሚባልም አለው። እዛ ላይ 0 ብሎ መጻፍ ብዙዎቹ ጋ ገደብ የለውም ማለት ስለሆነ ተጠንቀቅ።

እሱን የምታወርዱት ከየት እንደሆነም ልጁን ጠይቀው፣ ቪዲዮ ነው ተብሎ ሊጫን የሚጠይቅ ፋይል ከመጣ እሱ ፊልም አይደለም።

ኬብል_ጎታች፦

ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር ውሰድ የሚለውን ቤቴ ውስጥ ላሉት ብቻ በሚለው አድርገው፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካለህ ጭራሽ አጥፋው።

ከዛ በላይ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነክተህ ብዙ ነገር የምታሳርፍበት አለ። ሴቲንግ ውስጥ የዋይፋይህን ስም ግባና ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብራ። ሲም ራሱ ላፕቶፑ ውስጥ ከገባ ዊንዶውስ በጊጋ የሚከፈልበት መሆኑን ራሱ ያውቃል፣ በራውተር ወይም በስልክ ሆትስፖት ሲመጣ ግን እሱ የሚያየው ተራ ዋይፋይ ነው፣ የማያልቅ ነው የሚመስለው። በገመድ ከሆነም ከፈረንጆቹ 2017 ወዲህ ያሉት ዊንዶውስ 10ዎች ላይ ለገመዱም ይሰራል። ሚተርድ ስትለው አፕዴት አብዛኛውን ያቆያል፣ ለሌላ ኮምፒውተር ማካፈሉን ያቆማል፣ ዋንድራይቭም እንዲያቆም ሆኖ ከተስተካከለ ያቆማል። ቶረንትን ግን አያቆምልህም፣ እሱ የዊንዶውስን ምክር የሚሰማ አይደለም።

አፕዴት ሳታገኝ እንዳትቀር ግን። ሰው ሚተርድ ያደርግና ዓመት ሙሉ አፕዴት ሳያደርግ ከዛ በፍላሽ ቫይረስ ይገባበታል። አንሊሚትድ ያለው ዘመድ ቤት ወይ ቢሮ ወስደህ እዛ አድርግ፣ ዴስክቶፕ መሸከም ቢያስቸግርም ባጃጅ ላይ ይገባል 😀። ያንተው ዊንዶውስ 10 ደሞ መደበኛ ድጋፉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ ነው፣ ማሽኑ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል መሆኑን ካሁኑ እየው፣ ሃርድ ዲስኩንም በኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ቀይረው፣ ያኔ ሌሊት ማጥፋት አይከብድህም።

ነቃይ_ነኝ፦

ሶኬቱን ንቀለው ስላችሁ ሳቃችሁ 😂 ቆይ ግን እኔ ላፕቶፕ ነው ያለኝ፣ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ አድርጌው ስልኬ ሆትስፖት ላይ ተገናኝቷል ሲለኝ አይቻለሁ፣ ትኩስም ሆኖ ይገኛል። ይሄ ጤና ነው?

ኬብል_ጎታች፦

ጤና ነው ግን ላንተ አይበጅም። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ክዳን መዝጋት እንደ ድሮው መተኛት አይደለም፣ ሞደርን ስታንድባይ ይሉታል፣ ልክ እንደ ስልክ ስክሪኑ ጠፍቶ ኔትወርኩን ይዞ ይቆያል፣ ኢሜይል ይቀበላል፣ አንዳንዴም አፕዴት ያወርዳል። ያንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተህ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኤ ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍ፣ ኤስ ዜሮ ሎው ፓወር አይድል የሚል ካለ እና ኔትወርክ ኮኔክትድ ካለው እሱ ነው። መፍትሄው ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት እንዲያደርግ ማስተካከል ነው፣ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽን የሚለው ጋ ታገኘዋለህ። ሃይበርኔት ላይ ማህደረ ትውስታውን ዲስክ ላይ ጽፎ ይጠፋል፣ ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል እንጂ የጀመርከው ስራ አይጠፋም። እስክታስተካክለው ድረስ ግን ወደ ቦርሳ ከመክተትህ በፊት የስልኩን ሆትስፖት አጥፋው።